ያላየሁት በረሃ አስጎብኚ

ደባርቅ ተወልዶ ያደገ ሰው በረሃ ሲወድ ያስቃል። እኛ ዘንድ ፀሐይ የምትወጣው ለይሉኝታ ነው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጉሙ በሩን ገፍቶ እንደ ቤተኛ ይገባል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ቱሪዝም ስማር አንድ መምህራችን ስለ ዮርዳኖስ ያሳየን ፊልም ከልቤ አልወጣ ብሎ ቀረ። ዮርዳኖስ ሲባል የሀገሬ ሰው የሚያስበው ጌታ የተጠመቀበትን ወንዝ ነው፤ እኔ የምለው ወንዙ ያለበትን የበረሃ አገር ነው። ዋዲ ረም የሚባለው ቀይ አሸዋ፣ በአሸዋው መሃል እንደ ግንብ ቀጥ ብለው የቆሙ አለቶች፣ ከቋጥኝ ተፈልፍላ የወጣች ፔትራ የምትባል ከተማ፣ ከፍየል ጠጉር የተሠራ ጥቁር ድንኳን። ከዚያ ወዲህ ስለ አገሩ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። እናቴ ስልኬ ላይ የአሸዋ ፎቶ ባየች ቁጥር፣ ሙቀት ከሆነ የፈለግሽው እሳቱ ዳር ተጠጊ ትለኛለች።

ይህን የምነግራችሁ ያኔ ማን እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። ሥራዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሎጅ ውስጥ እንግዳ መቀበል ነበር፤ እንግዳው በጦርነቱ ሰበብ ከጠፋ ስለቆየ ግን የምቀበለው ነፋስ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይናፋር ነኝ። ሰው በተሰበሰበበት ልናገር ስል ድምፄ ወደ ሆዴ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ምግብ ቤት አስተናጋጁን የምትጠራልኝ፣ ያልገባኝን መምህሩን የምትጠይቅልኝ፣ ወንድ ሲያስቸግረኝ የምትሰድብልኝ ሶስና ነበረች። ሶስና የዳባት ልጅ ናት። አራት ዓመት አንድ ዶርም ውስጥ፣ እሷ ከታች እኔ ከላይ፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ተኝተናል። ሰዎች አፍ የለሽም ወይ ሲሉኝ፣ «አፏ እኔ ጋ ነው፤ ጉዳይ ያለው እኔን ያናግር» ትላቸው ነበር። ያኔ እስቅ ነበር።

ከተመረቅን በኋላ ሶስና ጎንደር ከተማ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ገባች። ታዲያ አንድ ቀን፣ አደዩ ገና ሳይረግፍ፣ ሳትነግረኝ ሎጁ ድረስ መጣች።

«ትዕግሥት፣ ሻንጣ አለሽ?» አለችኝ ሰላም ሳትለኝ።

ቢሮዋ ከስሜን ዙሪያ ወጣት ሴቶችን ሰብስቦ ለአሥር ቀን ዮርዳኖስን ሊያስጎበኝ መሆኑን ነገረችኝ። ልጆቹ የበረሃው ሰዎች ባህላቸውንና አገራቸውን ለእንግዳ እንዴት እንደሚያሳዩ አይተው ሲመለሱ፣ በየመንደራቸው እንግዳ መቀበል ይጀምራሉ። ወጪውን ቢሮው ይችላል። የጎደለው ቡድኑን የሚመራ፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

«አገሩን እኮ በዓይኔ አላየሁትም» አልኳት።

«እዚያ ከተወለዱት ይልቅ ታውቂዋለሽ። አራት ዓመት ሙሉ ከራሴ በላይ ተኝተሽ ስታወሪልኝ የነበረው ምን ነበር ታዲያ?»

ፓስፖርት ነበረኝ። ተስፋ ያደረገ ሰው እንደሚያደርገው አውጥቼ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። በዚያው ዕለት አንስቼ ሰጠኋት። እናቴ ከጎረቤት ሁሉ ቀድማ ገብስ ቆላች።

ከጉዞው በፊት ልጆቹ ደባርቅ መጥተው ሁለት ቀን እንዲዘጋጁ ተባለ። አንድ ሆቴል ውስጥ ሰፋ ያለ ክፍል ተያዘ። ልጆቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱ የአምባ ጊዮርጊስ እህትማማቾች ናቸው፤ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ላይ የሚመልሱ፣ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ የምትጨርስላት። ሦስተኛዋ የሻረግ ትባላለች፤ የደረስጌ ገበሬ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥቡ በጥቂት አምልጧታል። የተነገራትን ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግመዋለች። አንገቷን በፎጣ ሸፍና ነበር የምትውለው፤ ብርዱ ነው ብዬ ልብ አላልኩትም።

በሕይወቴ እንደዚያ ሁለት ቀን ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ አልጠፋብኝም። የድንኳኑ አንድ ወገን የወንዶች፣ ሌላው ወገን የሴቶች እንደሆነ፣ መሃሉን ሴቶቹ ራሳቸው የሠሩት መጋረጃ እንደሚለየው ነገርኳቸው። ሥጋውን አሸዋ ውስጥ ቀብረው እንደሚያበስሉት ስነግራቸው እህትማማቾቹ አፈር አይገባበትም ወይ ብለው ተንጫጩ። ቡናቸውን በትንሽ ፍንጃል ጥቂት ጥቂት እያደረጉ እንደሚቀዱ፣ እንግዳው ፍንጃሉን ወዝወዝ አድርጎ ካልመለሰ በቀር መቅዳታቸውን እንደማያቆሙ ነገርኳቸው። የሻረግ ባዶ ብርጭቆ አንስታ ወዘወዘችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ስለ ናባው ተራራ ስጀምር ደግሞ እሷ ቀደመችኝ፤ ሙሴ ተስፋይቱን ምድር ከዚያ ሆኖ አያት እንጂ አልገባባትም ብላ በቃሏ ወጣችው።

ከሁሉ የወደድኩትን ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። የበረሃው ሰው በቆየው ልማዱ፣ ቤቱ የመጣን እንግዳ ሦስት ቀን እስኪሞላው ድረስ ማነህ፣ ጉዳይህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። ያበላዋል፣ ያስተኛዋል፣ ይጠብቀዋል።

«ከሦስት ቀን በኋላስ፣ እትየ?» አለች የሻረግ።

ከዚያ በኋላ ምን እንርዳህ ብለው ይጠይቁታል አልኳት። እህትማማቾቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ሶስና እኔ ስጨርስ ጠረጴዛ ጀርባ ትቀመጥና የኬላ ሹም ትሆናለች። የሰው መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታንጠለጥላለች።

«ለምን መጣሽ?»

«እ... በረሃ ለማየት።»

«'እ' አትበይ። ጎብኚ 'እ' አይልም፤ 'እ' የሚል የሚደብቀው ያለው ነው። ስንት ቀን ትቆያለሽ?»

«አሥር ቀን።»

«ማን ያውቅሻል?»

ሦስቱም ወደ እኔ ይጠቁማሉ። «አስጎብኚያችን።»

እንደ ጨዋታ ነበር። እኔም ከልጆቹ እኩል ስቄያለሁ። ጎብኚ ይህን ያህል ማጥናት ለምን እንዳስፈለገው አልፎ አልፎ ውል ይለኝ ነበር፤ ግን ሶስና ናት፣ ሶስና ደግሞ ስለ እኔ አስባ የማታውቀው ነገር የለም አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ይዣቸው ወጣሁ። ጎብኚ ሆኖ መቆምን፣ የሰውን አገር ዝም ብሎ ማየትን እንዲለምዱ ብዬ ነው። ከታች ቆላው እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል፤ ተራሮቹ አንዱ ከአንዱ ጀርባ እየሳሱ ይሄዳሉ። እህትማማቾቹ ፎቶ ለመነሳት ራቅ አሉ። የሻረግ አጠገቤ ቆማ ሳለች ከገደሉ የሚመጣው ነፋስ ፎጣዋን ከአንገቷ ገፈፈው።

ማተቧ የለም። አንገቷ ዙሪያ ፀሐይ ያልነካው ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ቀርቷል። ከክርስትናዋ ጀምሮ ያልተፈታ ክር የነበረበት ቦታ ነው። ወዲያው በእጇ ሸፈነችው።

«ማተብሽስ?» አልኳት።

«በጥሼ ካልሲዬ ውስጥ አስሬዋለሁ። ሶስና ናት እመቤቶቹ አይወዱም ያለችኝ።»

«የትኞቹ እመቤቶች?»

ትክ ብላ አየችኝ። የማላውቅ መስዬ የምፈትናት መስሏት ነበር፤ ቆየት ብላ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«አንችስ የየትኛው ቤት ነሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «የኔ ልጆች ያሉበት ነው፤ አራት ልጆች። የሁለት ዓመት ውል ነው። አንችን የት መደቡሽ?»

«ማን ነው የሚመድበኝ?» አልኳት። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። እሷም እኔ ምንም እንደማላውቅ ሲገባት ፈራች፤ እጄን ያዘችኝ። አባቷ ጉብኝት ነው ተብሎ ብቻ እንደተነገረው፣ እውነቱን ቢያውቅ እንደማይለቃት ነገረችኝ። እሷ ሌላ መንገድ የላትም። ደረስጌ ተመልሳ የምትጠብቀው ባል ነው። «አትንገሪብኝ፣ እትየ» አለችኝ። እሺም እምቢም አላልኳት።

ስንመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ሶስና ብቻዋን አልጋ ላይ ተቀምጣ ለልጆቹ የገዛችውን ባርኔጣና ጥቁር መነጽር በየተራ ታስቀምጣለች።

«እነዚህ ልጆች የሚመለሱት መቼ ነው?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «የሻረግ ነገረችሽ ማለት ነው። እዚያች ልጅ ሆድ ውስጥ ነገር አያድርም።»

ትክዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አለመካዷ ነው የባሰብኝ። ባርኔጣውን እያስተካከለች፣ የዕቃ ዋጋ እንደምትነግረኝ ሁሉ ነገሩን ዘረዘረችው። የቤት ሠራተኛ ሆኖ በሥራ ቪዛ መሄድ ረጅም ነው፤ በጉብኝት ቪዛ ይቀላል። ነገር ግን ሦስት የገጠር ልጆች ብቻቸውን ቢሄዱ ኬላው ላይ ይጠየቃሉ። የተማረች፣ አገሩን ከልቧ የምትወድ፣ አሥር ቀኗን ጨርሳ በእውነት የምትመለስ አንዲት ሴት ከፊት ከቆመች ግን ማንም አይጠረጥርም። ሆቴሉም መኪናውም ለእኔ በእውነት ተይዟል።

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

አሁን ቀና አለች። «ስትዋሺ ያስታውቅብሻላ። ጆሮሽ ይቀላል። እኔ የፈለግኩት ያንን በረሃ ስታወሪ የሚበራውን ፊትሽን ነው። ነግሬሽ ቢሆን ያ ፊት ከየት ይመጣል?»

ያ አልጋ፣ ያ ዶርም ትዝ አለኝ። መብራት ሲጠፋ ለማንም ያላወራሁትን ለእሷ ሳወራ፣ ከታች ሆና «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለኝ ነበር። ለካ የምትሰማኝ ይዛ ልታስቀምጠው ነው፤ ገበያው እስኪወጣለት።

«ምን በደልኩሽ ደግሞ?» አለች። «ዋዲ ረምን በዓይንሽ ታያለሽ። ከእኔ ሌላ ማን ያሳይሻል? ይሄ ሎጅ?»

አልደብቃችሁም፤ ለአፍታ ቀዩ አሸዋ ከፊቴ ተዘረጋ። ነገ ተሳፍሬ፣ ከነገ ወዲያ እዚያ ልሆን እችል ነበር። አገሩን ከዚያን ቀን ይበልጥ ተመኝቼው አላውቅም።

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ የሚሄዱበትን ያውቃሉ። ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።» መነጽሩን ባርኔጣው ውስጥ አስቀመጠችው። «ነገ ጠዋት ዝም ብለሽ ተሳፈሪ። ዝም ማለት መቼም ታውቂበታለሽ።»

ቤት ሄጄ ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። ቆሎውን በላስቲክ ቋጥራ ሻንጣዬ ላይ አስቀምጣ ነበር።

ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ የጎንደሩ ሚኒባስ ረዳት ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ እያለ ይጣራል። ለምን እንደሄድኩ እስካሁን በደንብ አላውቅም። እሄዳለሁ ብዬም አይደለም፣ አልሄድም ብዬም አይደለም። እህትማማቾቹ ባርኔጣቸውን አድርገው ገብተው ተቀምጠዋል። የየሻረግ ሻንጣ ጣራ ላይ ተጭኗል። አባቷ፣ አባባ ፈንታ፣ ከደረስጌ ወርደው ዘመድ ቤት አድረው ሊሸኟት መጥተዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ የተከናነቡ ሰው ናቸው። በእጃቸው አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፤ ባዶ ናት።

ጀሪካኗን ለልጃቸው አልሰጧትም። ወደ እኔ መጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። የልጅቷ እናት እግሯን ታማ ከተኛች እንደቆየች፣ ከዮርዳኖስ ወንዝ ውኃ ትንሽ ብትደርሳት እንደምትነሳ ነገሩኝ። ተቀበልኳቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ ይችን የከተማ ልጅ አላውቃትም» አሉ ሶስናን በአገጫቸው እያሳዩ። «አንችን ግን አየሁሽ። ፊትሽ እግዜርን የሚፈራ ፊት ነው። የሻረግን አደራ። በሰማይ እሱ፣ በምድር አንች። ይዘሻት ሂጅ፣ ይዘሻት ነይ።»

እኛ አገር አደራ ሲሰጥ ዝም አይባልም፤ ታውቁታላችሁ። ተቀብያለሁ ይባላል፤ ያ ቃል ካልተሰማ ሰጪው እጁን አያወርድም። አባባ ፈንታ ቆመው ጠበቁኝ። ረዳቱም፣ ሊሸኙ የመጡትም ወደ እኔ ዞሩ። የሻረግ በመኪናው በር ቆማ በዓይኗ ትለምነኛለች። ያን ፊቴን እሳቸውም አይተውታል። ሶስና ለኬላው ያዘጋጀችው ያ ፊት እዚህም እየሠራላት ነበር።

ዝምታው ሲረዝም ሶስና ተጠግታ ትከሻዬን አቀፈችኝ። «ተቀብላለች አባባ» አለች እየሳቀች። «ዓይናፋር ስለሆነች ነው፤ እኔ ነኝ የምናገርላት።»

«አልተቀበልኩም» አልኩ።

ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ግን ተሰማ። ሶስና እጇን ከትከሻዬ አነሳች።

«ምን አልሽ፣ ልጄ?»

«ይዣት መመለስ አልችልም፣ አባባ። አደራዎን አልቀበልም። ይቅር ይበሉኝ።» ጀሪካኗን በሁለት እጄ መለስኩላቸው።

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ጀሪካኗን ተቀብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። የሻረግ መሬት መሬት እያየች ሳታውቀው እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። እሳቸውም ወደ እጇ አዩ። ቀርበው ፎጣውን በአንድ ጣታቸው ዝቅ አደረጉት። ነጩን መስመር አዩት። ከዚያ ለረዳቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ያችን ሻንጣ አውርድልኝ» አሉት።

የሻረግ አጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች። አላለቀሰችም።

«አንች ወደ ሥራሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ። «እኔስ የት ልግባ?»

ሶስና እህትማማቾቹ አጠገብ ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ሊነሳ ሲል ፓስፖርቴን በመስኮት ወረወረችልኝ። «ይኸውልሽ፣ ፎቶሽን እያየሽ ኑሪ።» ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። ስልኳን ቀይራለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መልካም አድርገሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ከተማው ግን እንዲያ አላለም። ከተማው በቅናት የሰው እንጀራ ዘጋች ነው ያለኝ። ይህን እሸከመዋለሁ። የማልሸከመው ሌላውን ነው። ሌባ ቢዘርፋችሁ የጠፋውን ትቆጥራላችሁ። የምትወዱት ሰው የምትወዱትን ነገር መሣሪያ አድርጎ ሲጠቀምባችሁ ግን የጠፋው የቱ እንደሆነ አታውቁትም፤ በረሃው እዚያው አለ፣ ፎቶዎቹ ስልኬ ላይ አሉ፣ ግን ሳያቸው ከታች አልጋ «እሺ፣ ከዚያስ?» የሚለው ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያን ቀን በኋላ ማንም አልተናገረልኝም። ምግብ ቤት አስተናጋጅ የምጠራው ራሴ ነኝ። ጥሩ ነው ይሉኛል። ጥሩ መሆኑን እንጃ፤ አንድ ሰው ፊትሽ የዋህ ነው ሲለኝ ግን ለምን እንደፈለገው እጠይቀዋለሁ።

የእህትማማቾቹን ወሬ አልሰማሁም። የሻረግ ግን በዓመቱ በሌላ ሰው በኩል ሄደች። አባቷን ምን ብላ እንዳሳመነቻቸው አላውቅም። ስልኬን ከማን እንዳገኘችውም አልነገረችኝም፤ አንድ ቀን ሎጁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ከጀርባዋ የማጠቢያ ማሽን ይጮሃል።

«እትየ፣ አንች ያልሽው አገር ነው ያለሁት» ትላለች። «ከቤቱ ኋላ አጥር አለ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሌላ አጥር። ልብስ ላሰጣ ጣራ ላይ ስወጣ አንዳንዴ ቀይ አቧራ ይመጣል፤ ከዚያ ከአሸዋው ነው እላለሁ። የሦስት ቀኑን ነገር አላገኘሁትም። እኔን ገና በሩ ላይ ነው ምን ትችያለሽ ያሉኝ። ተቀይሜሽ ነበር፤ አሁንም ሳይሆን አይቀርም። ግን እስቲ የድንኳኑን ንገሪኝ።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ሙሴስ ቢያንስ ከተራራው ሆኖ አይቷታል። እኔ ያላየሁትን አገር፣ ውስጡ ሆና ለማታየው ልጅ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ደግሞም የመጨረሻ ጊዜ ለሰው ያወራሁት ምን እንዳደረገኝ አልረሳሁትም። ቢሆንም ከሥራ ስወጣ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ሄድኩ፤ ለነፋሱ ጀርባዬን ሰጥቼ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ። ከመጋረጃው ጀመርኩ። ሴቶቹ ክሩን እንዴት እንደሚፈትሉት፣ ጠዋት ድንኳኑን ከፀሐይ በኩል እንዴት እንደሚገልጡት ነገርኳት። የማውቀው ሲያልቅብኝ አቆምኩና ይበቃሻል ብዬ ላክሁላት።

መልሷ አጭር ነበር።

«ፍንጃሌን አልወዘወዝኩም፣ እትየ።»